«ጎመን በጤና» — ቪታሚን ከጓሮ ነው ወይስ ከብልቃጥ?

«ጎመን በጤና» ይላል የአገራችን ሰው። ይህን ሲል ግን ብዙውን ጊዜ ጎመንን ለማመስገን አስቦ አይደለም። ሥጋና ቅቤ ቢታጣም እንኳ ጤናና ሰላም እስካለ ድረስ በጎመን ማደር አይከብድም ለማለት ነው። እኛ ግን ዛሬ በዚህ ዓምድ ለማስረዳት የምንወደው፣ ምሳሌው ከተናጋሪው አሳብ ይልቅ ጠልቆ የሚሄድ እውነት ያለበት መሆኑን ነው። ጎመን ጤና ስላለ ብቻ የሚታገሡት ምግብ አይደለም፤ ጤናን ራሱን ከሚሰጡት ምግቦች አንዱ ነው።

ይህን ጉዳይ እንድናነሣ ያደረገን ምክንያት አለ። በአሁኑ ጊዜ በትልልቅ ከተሞቻችን ወደ መድኃኒት መደብር የገባ ሰው፣ በመስተዋቱ መደርደሪያ ላይ ቀለሙ የሚያምር ብልቃጥ ተደርድሮ ያያል። አንዱ ለጉልበት፣ አንዱ ለፀጉር፣ አንዱ ለማስታወስ ችሎታ ነው ይባላል። ፈተና የደረሰበት ተማሪ፣ ቀኑን ሙሉ በወንበር ላይ ተቀምጦ የዋለ ወጣት ሠራተኛ፣ ካለችው ገንዘብ ቆርሶ ይገዛና ጧት ጧት ይውጣል። በዚያው ወር ግን ከሎሚ ነጋዴዋ ፊት ቆሞ፣ ሎሚ ተወደደ ብሎ ትቶ ያልፋል። ቪታሚን ከብልቃጥ የሚወጣ የሠለጠነ ሰው ነገር፣ ቃሪያና ጎመን ደግሞ የባላገር ነገር መስሎ ታይቶታል። ይህ አስተሳሰብ ትክክል መሆን አለመሆኑን ከመመርመራችን በፊት፣ ቪታሚን ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ብናይ ይሻላል።

ቪታሚን ምንድን ነው?

ሰውነታችን ከምግብ የሚፈልገው ኃይል የሚሰጠውን እህል፣ አካል የሚገነባውን ሥጋና ጥራጥሬ፣ እንዲሁም ቅባቱን ብቻ አይደለም። ከእነዚህ ሌላ እጅግ በጥቂቱ፣ ይኸውም በሺሕኛና በሚሊዮንኛ የግራም ክፍልፋይ እየተመጠነ የሚያስፈልገው ነገር አለ፤ ስሙም ቪታሚን ነው። ቪታሚን ራሱ ኃይል አይሰጥም፤ ራሱም ሥጋ አይሆንም። ነገር ግን እንደ እርሾ ያለ ነው። እርሾው ከሊጡ ጋር ሲመዛዘን ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ቢሆንም ያለ እርሾ ሊጡ ሊጥ ሆኖ ይቀራል እንጂ እንጀራ አይሆንም። ሰውነታችን አብዛኛዎቹን ቪታሚኖች በገዛ ራሱ ሊሠራቸው ስለማይችል፣ ከምግብ ማግኘት ግድ ይሆንበታል። እስካሁን ለሰው አስፈላጊነታቸው የታወቁት 13 ናቸው።

ይህ ዕውቀት በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1747 በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ያገለግል የነበረው ስኮትላንዳዊ ሐኪም ጄምስ ሊንድ፣ «ሳልዝበሪ» በተባለችው መርከብ ላይ ድዳቸው እየደማና ጉልበታቸው እየከዳ የታመሙ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ በስድስት ከፈላቸው። ለየጥንዱ ልዩ ልዩ ነገር እየሰጠ ቢመለከት፣ ብርቱካንና ሎሚ የተሰጣቸው ሁለቱ ከሁሉ ቀድመው ከበሽታቸው ተነሡ። ሎሚው ስለ ምን እንዳዳናቸው ግን ሊንድ ራሱ አላወቀም።

ከአንድ መቶ አርባ ዓመት ያህል በኋላ ደግሞ ሆላንዳዊው ሐኪም ክሪስቲያን ኤይክማን በጃቫ ደሴት ሲሠራ፣ ተፈትጎ የነጣ ሩዝ ብቻ የሚበሉ ዶሮዎች እግራቸው እንደሚሰልል፣ ውስጠኛ ሽፋኑ ያልተገፈፈ ሩዝ ሲሰጣቸው ግን እንደሚድኑ አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1912 ፖላንዳዊው ካዚሚር ፉንክ ለእነዚህ ስውር ነገሮች «ቪታሚን» የሚለውን ስም አወጣላቸው፤ «ቪታ» በላቲን ቋንቋ ሕይወት ማለት ነው። ኤይክማንም ከእንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ሆፕኪንስ ጋር በ1929 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ልብ እንዲሉልን እንወዳለን። መርከበኞቹ ጨው የበዛበት ሥጋና ደረቅ ብስኩት ይበሉ ነበር፤ ዶሮዎቹም ሩዝ ሞልቶላቸው ነበር። ሁሉም የታመሙት ሆዳቸው ባዶ ሆኖ አይደለም። ጥጋብና ጤና አንድ አለመሆናቸውን ዓለም የተማረው ከእነርሱ ነው። ይኸው ትምህርት ወደ እኛው አገር ወደ ጎንደር፣ ከጎንደርም ወደ ኮላ ድባ ያደርሰናል።

በእህል አገር የተገኘ ጉድለት

ኮላ ድባ በደምቢያ የምትገኝ ከተማ ናት። ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በተዘረጋው ሰፊ ሜዳ ላይ ትገኛለች። የደምቢያ ጥቁር አፈር ጤፉን፣ ዳጉሳውን፣ በቆሎውን፣ ሽምብራውን ያበቅላል፤ ሐይቁ ዓሣ ይሰጣል፤ ሜዳው ከብት ያሰማራል። ከጥንት ጀምሮ አገሩ የእህል አገር ተብሎ የሚጠራውም ስለዚህ ነው።

ይኸው አገር በአገራችን የሕክምና ታሪክ ውስጥም ታላቅ ስፍራ አለው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕይወት አጠፋ። ሐኪም በሽተኛው እስኪመጣለት በሆስፒታል ተቀምጦ ቢጠብቅ የማይበቃ መሆኑ ስለ ታወቀ፣ በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተቋቋመ። ከዚያም የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒተሪያኖች እየሠለጠኑ ወደ ገጠር ወጡ። የኮላ ድባ ጤና ጣቢያም ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን በተግባር ከሚያዩባቸው ስፍራዎች አንዱ ነበረ። ያ ኮሌጅ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ ላይ፣ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ ደምቢያ ተመልሰው ለትምህርት ያልደረሱ ሕፃናትን ዓይን መረመሩ። ያገኙት ውጤት የሚያሳዝን ነው። ከመቶው ልጆች 8.6 በሚሆኑት ላይ በቪታሚን ኤ ጉድለት የሚመጣው የዓይን ሕመም ምልክት ታየባቸው። የዚህን አኀዝ ክብደት ለመረዳት፣ የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ አገር ካሉት ሕፃናት ከመቶ አንዱን ያህል ዳፍንት ቢይዘው ነገሩ የሕዝብ ጤና ችግር ሆኗል ብሎ እንደሚቈጥር ማስታወስ ይበቃል።

ዳፍንት ምን እንደ ሆነ ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቃል። ልጁ ቀን ሲሮጥ ይውላል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ግድግዳ ይዳስሳል፣ በርጩማ ያደናቅፈዋል፣ የቀረበለትን ምግብ በእጁ ይፈልጋል። ይህ የሚሆነው በዓይን ውስጠኛ ሽፋን ላይ በጨለማ የሚያሳየው ቀለም ከቪታሚን ኤ የሚሠራ ስለ ሆነ ነው። ቪታሚኑ ሲያልቅ ቀለሙም ያልቃል። ጉድለቱ ከቀጠለ የዓይኑ ነጭ ክፍል ይደርቃል፤ አረፋ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ይወጣበታል፤ በመጨረሻም ብሌኑ ይላሽቅና ልጁ ሌሊቱን ብቻ ሳይሆን ቀኑንም ያጣል። በዚህ ላይ ኩፍኝ የመጣበት እንደ ሆነ በሰውነቱ የቀረችው ጥቂት ቪታሚን ስለምትሟጠጥ፣ ጥፋቱ በቀናት ውስጥ ሊደርስ ይችላል።

ነገሩም በዓይን ብቻ የሚቀር አይደለም። አልፍሬድ ሶመር የተባለው አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም በኢንዶኔዥያ ሲሠራ፣ ዳፍንት የያዛቸው ልጆች ጤነኛ ከሚመስሉት ይልቅ አብዝተው እንደሚሞቱ አየ። እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ጥናትም በአቼ አውራጃ ቪታሚን ኤ በተሰጠባቸው መንደሮች የሕፃናቱ ሞት በሲሶ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ቪታሚን ኤ የሳንባንና የአንጀትን ስስ ሽፋን ከበሽታ የሚጠብቅ በመሆኑ፣ የጎደለበት ልጅ በተቅማጥና በኩፍኝ በቀላሉ ይሸነፋል። ስለዚህ ዳፍንት የቤቱ መስኮት ሲጨልም የሚታየው ነው እንጂ፣ ቤቱ ውስጡ አስቀድሞ ተጎድቷል።

ስለ ምን በማዕዱ ላይ አልደረሰም?

እንግዲህ ጥያቄው፣ እህል በሞላበት አገር ይህ ጉድለት ከወዴት መጣ? የሚል ነው። መልሱ በእህሉ ዓይነት ላይ ይገኛል። ጤፍ በብረትና በሌሎችም ማዕድናት የታወቀ ነው፤ ሽምብራና ባቄላም ሰውነትን ይገነባሉ። በቪታሚን ኤ በኩል ሲመዘኑ ግን እጃቸው ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ጧት እንጀራ በሽሮ፣ ማታም እንጀራ በሽሮ የሚበላ ሕፃን ጠግቦ ያድራል፤ ዓይኑ ግን ተርቦ ያድራል።

ዶክተር ዘውዴ ወልደገብርኤልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980 እና በ1981 በአገራችን ልዩ ልዩ ክፍሎች ያደረጉት ጥናት ይህን ያጠናክርልናል። ያ በዓይን ላይ የሚወጣው ነጭ ነጠብጣብ በአርብቶ አደሩ አገር ከመቶ 1.6፣ እህል በሚታረስበት አገር ከመቶ 1.1፣ እንደ ቡና ያለ ለገበያ የሚሆን ተክል በሚተከልበት አገር ከመቶ 0.4 ሕፃናት ላይ ታየ። እንሰት በሚበላበት አገር ግን ከቶ አልተገኘም። በእንሰቱ አገር ከቆጮው ጎን ጎመን የማይለይ መሆኑን ስናስብ፣ ጎመንን የሚንቅ ሁሉ ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባዋል።

ሌላው ምክንያት የማዕድ ልማዳችን ነው። በብዙው የሰሜን አገራችን ገጠር ዶሮዋ የጣለችውን እንቁላል እናት ሰብስባ ገበያ ታወጣዋለች፤ በእርሱም ጨው፣ ሳሙና፣ ለትልቁም ልጅ ደብተር ይገዛል። ቅቤውም እንዲሁ ከፊሉ ገበያ ይወርዳል፤ ከፊሉ ለራስ ቅባት ይሆናል። ከብት በታረደ ቀን ጉበቱ በጥሬው ለአዋቂዎች ይቀርባል፤ ሕፃኑ ግን በቪታሚን ኤ ከምግብ ሁሉ ከሚበልጠው ከዚያ ጉበት አንዲት ጉርሻ እንኳ ሳይደርሰው ይቀራል። ከወሊድ በኋላ መጀመሪያ የሚወርደው ቢጫ የጡት ወተትም በብዙ ስፍራ ቆሻሻ ነው ተብሎ ይፈሳል። ይህ ወተት ግን ቢጫ የሆነው ቪታሚን ኤ የሚሠራበት ቀለም ስላለበት ነውና፣ ለሕፃኑ የመጀመሪያው ስንቅ እርሱ ነው። ይህን የምታደርግ እናት ልጇን ጠልታ አይደለም። የሚነግራት ስላጣች፣ ያለችውም ጥቂት ሀብት ለብዙ ጉዳይ ስለምትፈለግ ነው።

ሳይደርቅ በእርጥቡ

መድኃኒቱ ግን ሩቅ አይደለም። ቪታሚን ኤ በእንስሳት ምግብ፣ ይኸውም በጉበት፣ በእንቁላል አስኳል፣ በቅቤና በወተት ተዘጋጅቶ ይገኛል። በአትክልት ውስጥ ደግሞ ሰውነታችን ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠው ቢጫ ቀለም አለ። ይህንንም ለማስታወስ አንድ ቀላል ደንብ ይበቃል፤ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነውን፣ ቅጠሉ የጠቆረ አረንጓዴ የሆነውን መምረጥ ነው። ካሮት፣ ዱባ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንች፣ ጎመንና ቆስጣ ሁሉ ከዚህ ወገን ናቸው። ብቻ ይህ ቀለም በቅባት እንጂ በውሃ የማይሟሟ ስለ ሆነ፣ ጎመኑ በጥቂት የኑግ ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ ተደርጎበት ቢሠራ ጥቅሙ ይበዛል።

ቪታሚን ሲ ጠባዩ ሌላ ነው። ሀንጋሪያዊው አልበርት ሴንት ጆርጂ ይህን ቪታሚን ለጥናት በሚበቃ ብዛት ያገኘው በአገሩ ከሚበቅለው የበርበሬ ዘር ነበር፤ በ1937ም የኖቤል ሽልማት ተሸለመ። የእኛም አገር ቃሪያ ከዚሁ ዘር ነው። መቶ ግራም ብርቱካን 50 ሚሊ ግራም ያህል ቪታሚን ሲ ሲኖረው፣ ያንኑ ያህል ጥሬ ቃሪያ ከዚህ ይበልጣል እንጂ አያንስም። በወጡ ዳር አንድ ቃሪያ የሚገምጥ ሰው እንግዲህ የቀን ድርሻውን ለማግኘት እጅግ ተቃርቧል። ቃሪያው በፀሐይ ደርቆ በርበሬ የሆነ እንደ ሆነ ግን አብዛኛውን ቪታሚን ሲ ያጣል። አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ያሉት ለሌላ ጉዳይ ቢሆንም፣ ለቃሪያውም ይሠራል።

እረኛ ልጆች በየጥሻው የሚለቅሙት ቀጋ፣ እንጆሪና አጋምም የሚናቅ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ እንግሊዝ አገር ብርቱካን የሚያመጡ መርከቦች በጠፉ ጊዜ፣ መንግሥቱ ሕዝቡን ቀስቅሶ ከየአጥሩ የጽጌረዳ ፍሬ በብዙ ቶን አስለቀመ፤ ሽሮፕ እያስጨመቀም ለሕፃናት አደለ። የእኛም ቀጋ የዚያው የጽጌረዳ ወገን ነው።

ቪታሚን ሲ ሌላም ውለታ ይውላል። በጤፍና በምስር ውስጥ ያለውን ብረት አንጀት በቀላሉ እንዲቀበለው ይረዳል። ስለዚህ በምስሩ ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ በማዕዱ ላይ የቲማቲምና የቃሪያ ሰላጣ ማቅረብ ለጣዕም ብቻ አይደለም። በአንጻሩ ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ወዲያው ሲጠጡ ብረቱን ስለሚያግዱ፣ አንድ ሰዓት ያህል ቢቆዩ ይመረጣል።

በአሠራርም በኩል ጥቂት ጥንቃቄ ያሻል። ጎመኑን ከመክተፍ በፊት ማጠብ፣ ከተከተፈ በኋላ በውሃ ዘፍዝፎ አለማቆየት፣ በጥቂት ውሃ ቶሎ አብስሎ ማውጣት፣ የተቀቀለበትንም ውሃ አለመድፋት ይገባል። ስለ ዳቦም እንዲሁ ነው። የነጣ የፉርኖ ዱቄት የሥልጣኔ ምልክት መስሎ ቢታይም፣ የኤይክማንን ዶሮዎች የሚያስታውስ ሰው ገለባው ያልወጣለትን የስንዴ ዳቦ አይንቅም። ፀሐይ በሞላበት አገራችንም ሕፃናት በጨርቅ ተጠቅልለው በጨለማ ቤት ስለሚውሉ አጥንታቸው የሚጎብጥባቸው አሉ። ቪታሚን ዲ በቆዳ ላይ የሚሠራው በፀሐይ ብርሃን ነውና፣ ሕፃኑን ጧት ጧት ለጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ማሞቅ ገንዘብ የማይጠይቅ ሕክምና ነው።

እንክብሉስ ለማን ነው?

ይህን ሁሉ ስንል እንክብልን ሁሉ ለመንቀፍ አይደለም። እንክብል በጊዜውና በቦታው ሕይወት ያድናል። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 11 ወር የሆኑ ሕፃናት 100,000 ዩኒት ያለበት ሰማያዊ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ያሉት ደግሞ 200,000 ዩኒት ያለበት ቀይ የቪታሚን ኤ እንክብል በየስድስት ወሩ ሊወስዱ ይገባል። ጉበት ይህን ቪታሚን ለወራት ስለሚያከማች፣ በዓመት ሁለት ጊዜ መስጠቱ ይበቃል። ነፍሰ ጡር ሴትም የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን ያስፈልጋታል፤ የፎሊክ አሲድ ጉድለት በፅንሱ አከርካሪና አንጎል ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳልና። ቪታሚን ቢ 12 የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ብቻ ስለ ሆነ፣ በጾምም በፍስክም ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ ከቶ የማይቀምስ ሰው ሐኪም ቢያማክር መልካም ነው። በፍስኩ ጊዜ የሚያገኝ ግን ጉበቱ ለረጅም ጊዜ የሚበቃ ስንቅ ስለሚይዝለት ጾሙ ሊያስፈራው አይገባም።

ጤናማ የሆነና ልዩ ልዩ ምግብ የሚያገኝ ወጣት ግን ከብልቃጡ የሚያተርፈው እጅግ ጥቂት ነው። ቪታሚን ሲ በየቀኑ መዋጥ ተራውን ሰው ከጉንፋን እንደማያድን፣ ጉንፋኑ የሚቆይበትን ጊዜ በጥቂቱ ብቻ እንደሚያሳጥር በብዙ ጥናት ታይቷል። የተረፈውንም ሰውነት በሽንት ያስወጣዋል። ቪታሚን ኤ ግን እንዲህ በቀላሉ አይወጣም፤ በጉበት ተከማችቶ ሲበዛ ይመርዛል፤ በነፍሰ ጡር ሴት ላይም ፅንሱን ይጎዳል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው በፊንላንድ የሆነው ነው። በዚያ አገር 29,133 ሲጃራ የሚያጨሱ ወንዶች ተመርጠው፣ ለከፊሎቹ በካሮት ውስጥ የሚገኘው ያ ቢጫ ቀለም በእንክብል ተደርጎ ለዓመታት ተሰጣቸው። ሐኪሞቹ ከሳንባ ካንሰር ያድናቸዋል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲገለጥ ግን እንክብሉን የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ በሳንባ ካንሰር ከመቶ 18 ያህል በልጠው ታመው ተገኙ። ካሮት የሚበላ ሰው በካሮቱ አይጎዳም፤ ከካሮቱ ተለይቶ፣ ተጠርቶና በዝቶ የተሰጠው ግን ጎዳ። ፍሬው ከአንድ ቪታሚን የሚበልጥ ብዙ ነገር አብሮ የያዘ ስለ ሆነ፣ ብልቃጡ የፍሬው ምትክ ሊሆን አይችልም።

የተማረው ወጣት ድርሻ

እዚህ ላይ የነገሩን መራራ ገጽታ ሳንሸሽግ እንናገር። ቪታሚኑ የማያስፈልገው የከተማ ወጣት በገንዘቡ ገዝቶ ይውጣል፤ የሚያስፈልገው የደምቢያ ሕፃን ደግሞ በነፃ የሚሰጠው እንክብል የሚታደልበትን ቀን ወላጆቹ ሳያውቁለት ያልፈዋል። ይህን ለማቃናት ከማንም ይልቅ የሚችለው ፊደል የቈጠረው ክፍል ነው።

ለዕረፍት ወደ አገሩ የሚመለስ ተማሪ፣ ታናናሾቹ በዓመት ሁለት ጊዜ የቪታሚን ኤ እንክብላቸውን መውሰዳቸውን ይጠይቅ። ሲመሽ የሚደናበር ልጅ ያየ እንደ ሆነ፣ «ያድጋል፣ ይተወዋል» ብሎ ሳያልፍ፣ ልጁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ያድርግ። ዳፍንት ቶሎ ከተደረሰለት በቀናት ውስጥ የሚለቅ ሕመም ነውና። ለእናቱ ስጦታ ይዞ ሲሄድ ከሻሹና ከስኳሩ ጋር የፓፓያና የካሮት ዘር፣ ቢችልም የማንጎ ችግኝ ይጨምርበት። ፓፓያ በተተከለ በአንድ ዓመት ያህል ፍሬ ስለሚሰጥ ትዕግሥት አያስጨርስም። በወረዳ የተሾመ ወጣት ባለሥልጣንም የትምህርት ቤቱ ቅጥር ግቢ ባዶ ሜዳ ሆኖ ከሚቀር፣ ልጆቹ ራሳቸው የሚኰተኵቱት የአትክልት መደብ እንዲኖረው ቢያደርግ፣ ከብዙ ስብሰባ የሚበልጥ ሥራ ሠራ ማለት ነው። እናቶችንም ስናስተምር እንቁላሉን አትሽጡ ብሎ መገሠጽ አይረባም፤ ከአሥሩ ሁለቱን ለልጁ አስቀሩ ማለት ግን የሚሰማ ምክር ነው።

ከሁሉም አስቀድሞ ወጣቱ በገዛ ማዕዱ ላይ ምሳሌ ይሁን። የተማረ ሰው በአደባባይ ጎመንን የሚያከብር፣ ፍሬ ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚገባ ሲሆን፣ ገበሬውም በጓሮው ያለውን ሀብት የድሃ ምግብ እያለ መናቁን ይተዋል። ለብልቃጥ የሚወጣው ገንዘብ በቅዳሜ ገበያ ሎሚ፣ ካሮትና ማንጎ ቢገዛበት፣ ገዢው ጤናውን ያገኛል፤ የጓሮ አትክልት ይዛ የመጣችውም እናት በገንዘቡ ደብተሩን ገዝታ፣ እንቁላሉን ለልጇ ይዛለት ትመለሳለች።